ሰባት ቤት መቁጠር

የድንበሯ ከተማ ሸሕዲ የገባሁት ልጅ ሆኜ ነው፤ ወሎ በተራበ ጊዜ፣ አክስቴ እጄን ይዛኝ። አክስቴ የመጀመሪያውን ክረምት አልዘለቀችም፤ ወባ ወሰዳት። ከመናኸሪያው ፊት ለፊት ምግብ ቤት የነበራቸው አከራያችን ከቀብር መልስ፣ "ነይ፣ ሽንኩርት ክተፊልኝ" አሉኝ። እትዬ እያልኋቸው እዚያው ቤት አደግሁ።

በቆላ ከተማ ሰው ሲተዋወቅ "ከየት መጣህ?" ይባባላል እንጂ "የማን ልጅ ነህ?" አይባባልም። ከጎጃም ለሰሊጥ አጨዳ የወረደው፣ ከድንበር ማዶ ከጋላባት ሸቀጥ የሚያመላልሰው፣ ተመድቦ የመጣው ፖሊስ፣ ሁሉም የሌላ አገር ሰው ስለሆነ መልሱ ማንንም አያሳፍርም። ሌላውን ጥያቄ የሰማሁት ለጋብቻ ስጠየቅ ነው።

ባሌ ከጎንደር የመጣ አስተማሪ ነበር። ምሳውን እኛ ቤት ይበላል፤ በመሠረተ ትምህርቱ ዘመቻ ፊደል ያስቆጠረኝም እሱ ነው። ላግባሽ ሲለኝ፣ "ወላጆችህስ?" አልሁት።

"አሁን እኮ ሁሉም ሰው እኩል ነው" አለኝ። ከልቡ ነበር።

አባቱ ግን መሬታቸው በአዋጅ የተወሰደባቸው ባላባት ነበሩ። "መሬት ይወሰዳል፤ አጥንት አይወሰድም" ይላሉ አሉ። ከሁለት ሽማግሌዎች ጋር በአውቶቡስ እንደሚመጡ ስንሰማ እትዬ እንቅልፍ አጡ። የእኔ ወገን ሆነው የሚቀመጡት እሳቸውና ጎረቤታችን ልብስ ሰፊው ነበሩ። ልብስ ሰፊው ገዳሪፍ ብዙ ዘመን የኖሩ፣ ዐረብኛና አማርኛ የሚቀላቅሉ ሙስሊም ናቸው።

"ከአያትሽ በላይ ያለውን ዝም ብለሽ ቁጠሪ" አሉኝ እትዬ። "ወሎ ድረስ ሄዶ የሚያጣራ የለም። አንዱን ደጃዝማች አድርጊው።"

"እትዬ፣ ያልነበረ ሰው ከየት ላምጣ?" አልኋቸው። ተቆጡኝ።

እንግዶቹ ከሰዓት በኋላ ደረሱ። አማቼ በዚያ ሙቀት ጋቢያቸውን ሳያወልቁ ተቀመጡ። እኔንም ጠሩኝ።

"ልጄ፣ የማን ልጅ ነሽ?"

የአባቴንና የአያቴን ስም ነገርኋቸው። "ከዚያ በላይ አላውቅም፣ አባቴ። የሚነግሩኝ ሰዎች ቶሎ አለቁብኝ።"

አንደኛው ሽማግሌ ራሱን ነቀነቀ። አማቼ ወደ እትዬ ዞረው፣ "ሰባት ቤት ሳይቆጠር እንዴት ይሆናል? ዘመድ ብትሆንስ?" አሉ።

ልብስ ሰፊው ጣልቃ ገቡ። "ወላሂ፣ ዘመድዎ ከሆነችማ አጥንቷ ጥሩ ነው ማለት ነው። ካልሆነች ደግሞ ኸላስ፣ አለቀ፣ መጋባት ይችላሉ። የከፋዎ የትኛው ነው?"

ከሽማግሌዎቹ አንዱ ሳቁን በጋቢው ሸፈነ። አማቼ ግን አልሳቁም። "ልጅቷን አልነቀፍሁም" አሉ ቀስ ብለው። "ከማላውቀው ቤት ግን አልዛመድም።" ተነሥተው እትዬን እጅ ነሡ፤ በማግስቱ ጠዋት በመጣው አውቶቡስ ሄዱ። ጨዋ ሰው ነበሩ። ቢሰድቡኝ ይቀለኝ ነበር።

ባሌ ግን ከሐሳቡ አልተመለሰም። አጨዳው እንዳለቀ በቀበሌው አዳራሽ ተጋባን። ሁለት ፍየል ታረደ፤ አንደኛውን ልብስ ሰፊው ለእስላሞቹ ባረኩ። ወደ አገራቸው ሊመለሱ የነበሩ የጎጃም አጫጆች ሳይጠሩ መጥተው እስክስታውን አደመቁት። በሙሽራው በኩል የተቀመጡት የሥራ ባልደረቦቹ ብቻ ነበሩ። በጭፈራው መሐል አየት ሳደርገው በሩን በሩን ያያል። የዚያን ቀን ዘመድ ያጣው እሱ ነበር።

የመጀመሪያ ልጃችንን ስወልድ አማቴ፣ የባሌ እናት፣ ቅቤና በሶ ተሸክመው ብቻቸውን ወረዱ። ወገቤን እያሹኝ ሳለ የሽማግሌዎቹን ነገር አነሡ።

"ከአያትሽ በላይ አላውቅም አልሽ አሉ?"

"አዎ፣ እማማ።"

"ሞኝ! እኔ ስጠየቅ አባቴ ሰባቱንም ቆጥሯል። ከአራተኛው በኋላ ያሉት የጎረቤታችን አያቶች ናቸው።" ሳቃቸውን መግታት አቃታቸው።

"አባባ ያውቃሉ?"

"ምን ብዬ ልንገራቸው? ስንት ልጅ ከወለድን በኋላ!"

እኔም ሳቅሁ። ያን ሁሉ ጊዜ ጉድለቱ የእኔ ብቻ ይመስለኝ ነበር። ለባሌ አልነገርሁትም፤ የእናቱ ምሥጢር ነው።

አማቴ ሊመለሱ ሲሉ፣ "አያቱ ለልጁ ስም ልከዋል" አሉን። የቅድመ አያታቸው ስም ነበር። ባሌ ደስ አለው፤ ክርስትና ሲነሣም በዚያው ስም ተጠራ። እትዬ ግን በተወለደበት ቀን ራሳቸው ያወጡለት ስም ነበር፤ ሰፈሩም፣ እኔም እስከ ዛሬ የምንጠራው በእሱ ነው።