ጨው የሚቀምስልን ያጣንበት የገና ዋዜማ

ይህ ነገር የደረሰብን ባለፈው ዓመት የገና ዋዜማ፣ እዚሁ ሱሉልታ በገዛ ግቢያችን ነው። ትልቅ ነገር አይደለም። ሰው አልሞተም፣ ሌባም አልገባም። እኔ ግን ባሰብኩት ቁጥር አንዴ ያስቀኛል፣ አንዴ ደግሞ ያሳዝነኛል። ለዚህ ነው ልንገራችሁ ያልኩት።

ባለቤቴ አስካለ ትባላለች። ሴቷ ልጃችን ብርቱካን ሰበታ ናት፣ ወንዱ ልጃችን ደረጀ ቡራዩ ነው። ሁለቱም ወልደው ከብደዋል። በዓል ሲመጣ ግን ታክሲ እየቀያየሩ፣ ልጆቻቸውን እየጎተቱ ወደዚህ ይመጣሉ። የአስካለን ዶሮ ሳይበሉ በዓል አለፈ አይሉም። እሷም ዓመቱን ሙሉ የምትጠብቀው ይህንን ነው። ጾሙ ሲገባ ጀምራ ቅቤዋን ታያለች፣ በርበሬዋን ታሸታለች፣ የትኛው የልጅ ልጅ የት እንደሚተኛ ታስባለች።

ከቅርብ ጊዜ ወዲህ ታዲያ መርሳት ጀመረች። ነጠላዋን ለብሳ «ነጠላዬን አይተሃል?» ትላለች። ሻይ ጥዳ ትወጣና በራዱ አሯል። መጀመሪያ ነገሬ አላልኩትም። እኔስ ባርኔጣዬን ስንቴ ፈልጌያለሁ።

ከዚያ ገና በፊት በነበረው ፋሲካ ግን ነገሩ ወጣ። አስካለ ወጡ ላይ ጨው አድርጋ ኖሮ፣ ረስታው ሌላ ጨመረችበት። ልጆቹ አንድ ጊዜ ጎረሱና ተያዩ። የደረጀ ሚስት ጨዋ ልጅ ናት፤ ዝም ብላ አይብ እየደባለቀች በላች። አንደኛው የልጅ ልጃችን ግን «አያቴ፣ ወጡን ከባሕር ነው ያወጣሽው?» አለና ሁሉም ሳቁ። አስካለም አብራ ሳቀች። ኋላ ጓዳ ብገባ አንዷን ፎጣ እያጠፈች፣ እየዘረጋች፣ መልሳ እያጠፈች አገኘኋት።

ገና ሲቃረብ ብርቱካን ደወለች።

«እማዬ፣ ዘንድሮ አረፍ በይ። ዶሮውን እኔ ሠርቼ ይዤ እመጣለሁ።»

«ከሰበታ እስከዚህ ድስት ታቅፈሽ? ታክሲ ውስጥ ሰው ላይ ልትደፊው?»

«ክዳኑን አስረዋለሁ።»

«እኔ ምን ሆንኩና ነው? ሞትኩ እንዴ?»

ብዙ ተከራከሩ። በመጨረሻ ብርቱካን ተሸነፈች፤ ግን እንዲህ አለች፦ «እሺ፣ ሥሪው። አደራሽን ግን ጨው እንዳትጨምሪ። ጨዉን ጠዋት መጥቼ እኔ አደርገዋለሁ።»

አስካለ «እሺ» ብላ ስልኩን ዘጋች። ልጅቱ በክፋት አልተናገረችም፤ እናቷ እንዳታፍር ብላ ነው። አስካለ ግን ፊቷ ተለዋወጠ።

«ሰማኸው? ጨዉን ለእሷ ተይ ተባልኩ! ጨው ከስኳር የለየሁላት እኔ! ጨዉንማ ራሴ ነኝ የማደርገው!» አለችኝ። ትንሽ ቆየችና ደግሞ ድምጿን ዝቅ አድርጋ፣ «ደገፋ፣ ይሄም ዶሮ ከተበላሸ በዓሉ ከዚህ ቤት ወጣ ማለት ነው። ከእንግዲህ እንደ እንግዳ እጃችንን ታጥበን የምንቀመጥ እኛ ነን» አለች።

የዋዜማው ቀን ጠዋት መሬቱ ውርጭ ለብሶ ነጭ ሆኖ ነበር። የታኅሣሥን የሱሉልታ ብርድ የሚያውቅ ያውቀዋል። ዶሮውን ባርኬ ሰጠኋትና እኔ ወደ ሽንኩርቱ ዞርኩ። ሽንኩርት መላጥ የእኔ ሥራ ነው፤ ዓይኔ እንደሆነ ያለዚያም ያለቅሳል። ወሬ ልጀምር ስል «አታውራኝ፣ ታደናግረኛለህ» አለችኝ። ቀኑን ሙሉ ከንፈሯ ብቻ ይንቀሳቀስ ነበር። የጨመረችውንና የቀራትን ለራሷ እየነገረች ነበር መሰለኝ።

ቁሌቱ በሰለ፣ ቅቤው ገባ፣ ሥጋው ገባ። ፀሐይዋ ዘቅዘቅ ስትል ወጡ ቅቤውን ወደ ላይ አወጣ፤ መዓዛው ግቢውን ሞላው። ያኔ ዞር ብዬ ሳያት የጨው ዕቃውን ይዛ ድስቱ ላይ ቆማለች። እጇ አይወርድም፣ አይመለስም።

«ደገፋ፣ ጨው አድርጌያለሁ እንዴ?»

«አድርገሻል እንጂ! ጭብጥ ሙሉ ስታደርጊ በዓይኔ አይቻለሁ።»

«የት?»

«ደጅ ነዋ።»

«ደጅማ ሥጋውን በሎሚና በጨው ሳጥብ ነው፣ አንተ ሰውዬ!»

«ከዚያም በኋላ የጨው ዕቃውን ስታነሺ ያየሁ መስሎኛል።»

«መስሎኛል ነው ወይስ አይቻለሁ?»

እኔና አስካለ ስንከራከር ኦሮምኛ ይቀናናል። በኦሮምኛ ተያያዝነው። ግን እኔም እርግጠኛ አልነበርኩም። ሽንኩርት እየላጥኩ፣ ዓይኔ እንባ ሞልቶ፣ ምኑን አየሁት?

ቀምሶ መለየት ነበር። ግን ሁለታችንም ጾመኞች ነን። ድሮ ይህ አያስቸግርም ነበር፤ ቀማሽ ሞልቷል። ትንሿ የልጅ ልጃችን በዋዜማው ትመጣና መዳፏን ትዘረጋለች፤ አስካለ ጠብ ታደርግላታለች፤ «ጨው አለው እሙዬ?» «አዎ፣ ድገሚኝ!» ዘንድሮ ግን እሷም አድጋ መጾም ጀመረች፤ ከእኛ ይልቅ የምትጠነቅቀው እሷ ሆናለች። ደግሞም ገና ነገ ነው የሚመጡት።

ሁለት ሽማግሌዎች ያንን የሚያህል ድስት ከበን ቆምን፤ ጣታችንን እንኳ መንከር አንችልም።

«እኔ ልቅመስልሽ» አልኳት። «ለንስሐ አባቴ እነግራለሁ።»

«በገሃዱ ቀን! እስከ ዛሬ ጾመህ ጾመህ በአንድ ማንኪያ ወጥ ልትጥለው? ለእኔ ብለህ አይሆንም» አለች።

በቀኝ በኩል ያለው ጎረቤት ለበዓል አገሩ ገብቷል። በግራ ያሉትም እንደ እኛው ይጾማሉ። ያኔ ነው አንድ ነገር ትዝ ያለኝ።

«አማረችስ?» አልኩ።

አስካለ ያልሰማች መስላ ወጡን ማማሰል ጀመረች። ምክንያት ነበራት።

አማረች ከግቢያችን አንዷን ክፍል የተከራየች ልጅ ናት። ከሆሳዕና መጥታ ውሃ ፋብሪካ በፈረቃ ትሠራለች። ጴንጤ ናት፤ የእኛን ጾም አትጾምም። ጾሙ በገባ ሰሞን አንድ እሑድ ሥጋ ጠበሰች። ሽታው እኛ ቤት ገባ። አስካለ ወጥታ፣ «ልጄ፣ ጾም ላይ ነን፤ ይሄን ነገር ለሌላ ጊዜ ብታደርጊው» አለቻት። ክፉ ቃል አልተናገረቻትም። ልጅቱ ግን «ይቅርታ እማማ» ብላ ገባች። ከዚያን ቀን ጀምሮ በሯን ዘግታ ነው የምታበስለው። ስንገናኝ ሰላም ትለናለች፣ ታልፋለች። አስካለም ነገሩ ከንክኗት ነበር፤ ግን እንዴት ብላ ትመልሰው?

«አንተ ንገራት» አለችኝ።

«ድስቱ ያንቺ። እኔ ምን ብዬ?»

ከወጡ ትንሽ በስኒ ማስቀመጫ ጨልፋ ሄደች። ከኋላ ተከተልኳት። የአማረች በር ጋ ደረሰችና ቆመች። አላንኳኳችም። ስኒ ማስቀመጫውን ከአንድ እጇ ወደ ሌላው ታዛውራለች፤ ወጡ ከዳር ዳር ይላል።

ድንገት በሩ ተከፈተ። አማረች እጣቢ የሞላ ሳፋ ይዛ ልትደፋ ስትወጣ ከአስካለ ጋር ፊት ለፊት ገጠሙ።

«ውይ እማማ! ልደፋብዎት ነበር እኮ!»

«ልጄ፣ አንቺ… አትጾሚም አይደል?»

ልጅቱ ደነገጠች። ለካ ቅድም በማታውቀው ኦሮምኛ ስንጨቃጨቅ ሰምታን፣ ስሟም ሲነሣ ሰምታ፣ ስለ እሷ የምንጣላ መስሏታል።

«እማማ፣ ዛሬ ምንም አልሠራሁም! ሽታ መጣ እንዴ? ከዚያን ቀን ወዲህ ሥጋ እዚህ ግቢ አስገብቼ አላውቅም። ይግቡና ይዩ፣ ሽሮ ነው ያለኝ።»

አስካለ ክው አለች። ደረጃው ላይ ቁጭ አለች፤ ወጡን ግን አልለቀቀችም።

«ጾሙን ሙሉ ጾመሽ ነው?»

«ጾም እንኳ አይባልም» አለች አማረች እያፈረች። «እናንተ እስክትፈቱ ዝም ብዬ ተውኩት። ትልቅ ሰው ከተናገረኝ በኋላ እንዴት አድርጌ…»

«በርሽን የምትዘጊውስ?»

«ቁሌት ሲሸት ሥጋ እንዳይመስላችሁ ብዬ ነው።»

አስካለ እጇን ይዛ አጠገቧ አስቀመጠቻት። ያኔ እኔ ያልጠበቅሁትን ነገር ሰማሁ። ለእኔም፣ ለወለደቻቸውም ብላ የማታውቀውን ለዚህች ልጅ ነገረቻት።

«እረሳለሁ ልጄ። መርሳት ጀምሬያለሁ። ጨው አድርጌ ይሁን ሳላደርግ አላውቀውም። ነገ ልጆቼ ይመጣሉ፤ ከተበላሸ ከእንግዲህ ማንም አያሠራኝም። ቅመሽልኝ።»

አማረች እጆቿን በቀሚሷ ጠረገች። ስኒ ማስቀመጫውን ተቀበለች። በጣቷ ነክራ ቀመሰች። ዓይኗን ጨፈነች። ያን ሁሉ ጊዜ ቅቤ ሳትቀምስ የከረመች ልጅ ናት፤ ቶሎ አልገለጠችውም።

«እማማ…»

«ንገሪኝ። እንዳትፈሪኝ።»

«በጣም ይጣፍጣል። ግን ጨው የሚባል አልነካውም።»

አስካለ በረጅሙ ተነፈሰችና ሳቀች። ወደ እኔ ዞራ፣ «በዓይኔ አይቻለሁ ባዩ! የታል ጨውህ?» አለችኝ። ባርኔጣዬን አስተካከልኩ።

ሦስታችንም ድስቱ ጋ ሄድን። አስካለ በጣቷ ቆንጠር አድርጋ ትጨምራለች፣ ታማስላለች፣ አማረች ትቀምሳለች።

«አሁንስ?»

«ትንሽ።»

«አሁንስ?»

«ቀርቧል፤ በጣም ትንሽ… በቃ! በቃ እማማ! እጅዎን ያንሡ!»

«እንዲህ መጮኽም ትችያለሽ?» አለች አስካለ፣ «ድምፅ የሌለሽ መስሎኝ ነበር እኮ።» አማረች አፏን ይዛ ሳቀች። በዚያ ግቢ እንደዚያ ስትስቅ ለመጀመሪያ ጊዜ የሰማኋት የዚያን ቀን ነው።

በበዓሉ ጠዋት ልጆቹ መጡ። ብርቱካን ገና ነጠላዋን ሳታወልቅ ወደ ጓዳ ገባች። ከቦርሳዋ በፌስታል የተቋጠረ ጨው አወጣች፤ ከሰበታ ይዛው መምጣቷ ነው። እናቷን ሳመችና ክዳኑን ከፍታ በማንኪያ ቀመሰች። ደገመች። ፌስታሉን መልሳ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው።

«እማዬ፣ ማን ቀመሰልሽ?»

«ሰው አለኝ» አለች አስካለ።

ያ ሰው ከሌሊት ፈረቃ መመለሷ ነበር። ቤተሰብ መሰብሰቡን አይታ በጥግ በጥግ ወደ ክፍሏ ስታልፍ አስካለ በመስኮት ጠራቻት። «ነይ እንጂ! ታጠቢ!» አማረች አይሆንም ብትል ማን ሰምቷት። በእኔና በብርቱካን መካከል አስቀመጧት።

እንግዲህ እኛ ዘንድ የዶሮው ብልት ሁሉ ባለቤት አለው። ፈረሰኛው የአባወራው ነው። አስካለን ካገባሁ ጀምሮ ከእጄ ወጥቶ አያውቅም። የዚያን ቀን አስካለ ፈረሰኛውን በእንጀራ ያዝ አድርጋ አነሣችና አማረች ፊት አስቀመጠችው።

ደረጀ አንገቱን ደፋ። ብርቱካን እናቷን በቀስታ ክንዷን ነካ አደረገቻት።

«እማዬ፣ እሱ የአባዬ ነው እኮ። ረሳሽው እንዴ?»

አስካለ ቀና አለችና ሁሉንም አየቻቸው።

«አልረሳሁም» አለች። «አውቄ ነው። እሱ ዘንድሮ ክንፍ ይበቃዋል፤ በጨው ምስክርነቱ ጉድ ሊሠራኝ ነበር።»

መጀመሪያ የሳቅሁት እኔ ነኝ። ኋላ ነገሩ ሲነገራቸው ብርቱካን እየሳቀች እንባዋን ጠረገች፤ ሳቋ ይሁን ሌላ አልጠየቅኋትም። ስትሄድ እናቷን አንገቷ ሥር ሳመቻትና፣ «ለፋሲካ በጊዜ እንመጣለን» አለቻት። ስለ ጨው ያነሣ አልነበረም።

ፋሲካውንም አስካለ ሠራች፣ አማረች ቀመሰች። እሰየው ነው።

መርሳቷ ግን አልተወንም። ጨመረ እንጂ አልቀነሰም። አንዳንድ ቀን እኔንም ልትጠራኝ ስትል ስሜ ይጠፋባትና አፏን ከፍታ ትቆማለች። ልጆቹ ካሉ ይደነግጡና ቶሎ ይነግሯታል። እኔ ግን አልነግራትም። ቁጭ ብዬ ፊቷን እያየሁ እጠብቃታለሁ። ሥራ የለኝ፣ የምሄድበት የለኝ፣ ምን ያስቸኩለኛል? እስካሁን ሁልጊዜ አግኝታዋለች።