ዘርፈሽና አሥራ አራተኛው ጥያቄ

ከዘጠና ሰው ሰባ አንዱ «አላውቅም» ቢል ጥፋቱ የማን ነው? ዘርፈሽ ልትፈታው የተነሣችው ችግር ይህ ነበር። አንድ የክልል የፖሊሲ ጥናት ተቋም ስለ ወንጀል ፍትሕ ማሻሻያ የሕዝብ አስተያየት ሲሰበስብ፣ መረጃ ሰብሳቢ ሆና ለተቀጠረችው ለእሷ ከጨንቻ በላይ ያለ ቀበሌ ደረሳት። አሥራ አራተኛው ጥያቄ «ገዳይ ከሟች ቤተሰብ ጋር ከታረቀ የእስር ዘመኑ ይቀነስለት?» ይላል፤ ሰባ አንዱ «አላውቅም» ያሉት ለዚህ ነው።

ጥያቄው ለእሷም እንግዳ አልነበረም። ወንድሟ ናትናኤል፣ ሲቀላ በሚባለው ሰፈር መናኸሪያ አጠገብ በጠብ ከተገደለ ሁለት ዓመት ሆነው። የገዳዩ ዘመዶች ለዕርቅ ሽማግሌ ልከዋል፤ አባቷ ግን «የዘርፈሽን ቃል ሳልሰማ እሺ አልልም» ብለዋል። ዘርፈሽ አታለቅስም፣ አትቆጣም፤ ውስጧ ዝም ብሏል። ጥያቄውን ዘጠና ጊዜ ስታነብ ድምጿ አንዴም አልተንቀጠቀጠም።

አስተባባሪዋ ታዴዎስ በስልክ፣ «አስተያየት የላቸውም፤ ቀበሌው ከጥናቱ ይውጣ» አላት።

ደስ የሚለው ነገር እዚህ ላይ ነው፤ አስተያየትማ ሞልቷቸዋል! ዘርፈሽ «አላውቅም» ካሏት አንዱ ወደሆኑት ሸማኔ፣ ወደ አቶ ዳልጮ ተመለሰች።

«አባባ፣ እውነት አያውቁም?»

«አውቃለሁ እንጂ።»

«ታዲያ ምነው አላውቅም አሉኝ?»

«የደም ነገር በጓዳ ይወራል እንዴ ልጄ? ዱቡሻ ላይ ነው የሚባለው፤ ቆመሽ፣ ሰው ሁሉ እየሰማሽ።» መወርወሪያቸውን አስቀምጠው መልስ የምትመዘግብባትን ታብሌት አዩ። «እዚች ውስጥ ስንት ሰው ይገባል?»

«ሺህ ሰው ትይዛለች።»

«ሺህ ሰው ይዛ አንድ ሽማግሌ የላትም?»

ዱቡሻ የጋሞ ሰው ተሰብስቦ የሚመክርበትና የሚታረቅበት ሜዳ ነው። መጠይቁ ሰውን ለብቻው ነጥሎ የአደባባይ ቃል ይጠይቀው ነበር። ስለዚህ ዘርፈሽ ቅደም ተከተሉን ቀየረች። መጀመሪያ ዱቡሻው ላይ ተመከረበት፤ በማግስቱ ቤት ለቤት ዞረች። «አላውቅም» ያሉት ዘጠኝ ብቻ ሆኑ። የቀሩት ለሁለት ተከፈሉ፤ ገሚሱ ይቀነስለት፣ ገሚሱ አይቀነስለት። በእርግጥ ተመክሮበት የመጣ መልስ ከመጀመሪያው ጋር አንድ ዓይነት አይደለም፤ ታዴዎስም ሁለቱ ውጤቶች ጎን ለጎን እንዲወጡ ተስማማ።

የራሷ መልስ ግን ቀረ። አሁን ቅዳሜ ቅዳሜ ወደ ትውልድ መንደሯ ዱቡሻ ትወጣለች። ሁለት ጊዜ ተነሥታ ቃል አጣች፤ ሽማግሌዎቹ ሳይቸኩሉ ጠብቀው አስቀመጧት። እሺ ወይም እምቢ ማለቱን ለጊዜው ትታዋለች። የምትሞክረው፣ በአባቷና በገዳዩ አጎት ፊት ቆማ «ምንም አይሰማኝም» ብላ መናገርን ነው።