ኬኤም ያልሆነው ቤድፎርድ

ኢዩኤል በዚያ እሁድ ማይክሮፎን ሲጨብጥ መኪናው ገና ከሳቫና ወደብ አልወጣም። ቢሆንም መሰከረ። «በእምነት ነው የምመሰክረው» አለ። ጌታ ከእንግሊዝ አገር ኬኤም የሚባል ብርቅ ቤድፎርድ የጭነት መኪና እንደሰጠው፣ ገዢው እዚሁ አትላንታ አጠገብ ሮዝዌል ተቀምጦ እንደሚጠብቅ፣ ከሽያጩም ለቸርቹ ሕንፃ እንደሚሰጥ ተናገረ። ጉባኤው አጨበጨበ። ሦስተኛው ረድፍ ላይ የተቀመጡት አማቱ ጋሽ ነጋም አጨበጨቡ፤ ምንም እንኳ መኪናውን ያዩት በሁለት ፎቶግራፍ፣ ያውም ከፊት ለፊቱ ብቻ ቢሆንም።

ያልሆነን ነገር ሆነ ብሎ አስቀድሞ መመስከር እኛ ዘንድ እምነት ይባላል። የዚህ ዓይነቱ ምስክርነት መመለሻ የለውም። ነገሩ ሳይሆን ሲቀር «ቸኩዬ ነበር» የሚል ሰው እስካሁን መድረክ ላይ ወጥቶ አላየንም። የሚፈለገው ያላመነው ሰው ማን እንደሆነ ነው።

ጋሽ ነጋ ሰባ አራት ዓመታቸው ነው። አዲስ አበባ ሳሉ ሃያ ስድስት ዓመት በአንድ የጭነት ማመላለሻ ድርጅት ጋራዥ ሠርተዋል። ትምህርታቸው ከስድስተኛ ክፍል አያልፍም፤ የእንግሊዝ መኪና ግን ዘር ማንዘሩን ቆጥረው ይለዩታል። ያኔ መለየት የዕውቀት ጌጥ አልነበረም። ለአንዱ ሞዴል የታዘዘ ዕቃ የሌላው ሆኖ ከተገኘ፣ ትክክለኛው አሰብ እስኪደርስ መኪናው ሦስት ወር ድንጋይ ላይ ተሰቅሎ ይከርማል፤ ሾፌሩም ረዳቱም እጃቸውን አጣምረው ይቀመጣሉ። ጥፋቱም የመካኒኩ ነው። ስለዚህ ጋሽ ነጋ መጀመሪያ ከመኪናው ሥር ይተኛሉ፣ ከዚያ ይናገራሉ። ፊቱ ላይ ያለውን ምልክት አያምኑም። ምልክት በመፍቻ ይነቀላል።

አትላንታ ከመጡ ወዲህ ሎረንስቪል፣ በልጃቸው በርብቃ ቤት፣ ቤዝመንት ውስጥ ይኖራሉ። ባሏ ኢዩኤል እዚሁ ያደገ ነው፤ የባንክ ሥራውን ትቶ አሮጌ የእንግሊዝ የጭነት መኪናዎችን እያስመጣ ለሰብሳቢዎች ይሸጣል። አራት ዓመት ሙሉ ፎቶ በስልክ ይልክላቸዋል፣ እሳቸው ይመልሳሉ፦ ይሄ ኮመር ነው፤ ይሄ ሌይላንድ ነው፣ ግን ጋቢናው የሌላ ነው፤ ይሄን ደግሞ አትንካው። ከእያንዳንዱ መኪና ጋር ለገዢው ሞዴሉን የሚያረጋግጥ አንድ መለያ ወረቀት ይሰጣል። ከታች የሚፈርሙት «ዋና መካኒክ ነጋ» ናቸው። አሜሪካ ውስጥ ስማቸው የሚጻፍበት ሌላ ነገር የለም፣ ከመድኃኒት ብልቃጥ በቀር።

መኪናው ሐሙስ ደረሰ። ኢዩኤል በተከራየው መጋዘን ውስጥ ጋሽ ነጋ ካርቶን አንጥፈው ከሥሩ ገቡ። ብዙ ቆዩ። ሲወጡ ሱሪያቸውን አራገፉ።

«እሺ አባባ፣ ላይክ፣ ቆንጆ ነው አይደል?»

«ቲኬ ነው።»

«ምን ማለት ነው ቲኬ? ፕሌቱ ላይ ኬኤም ይላል።»

«ፕሌቱ የተመታበት ሪቬት አዲስ ነው፤ ና እይ፣ ያብረቀርቃል። ቲኬና ኬኤም ጋቢናቸው ይመሳሰላል፣ ሰው የሚታለለው ለዚህ ነው። ኬኤም ለከባድ ጭነት የተሠራ ነው፤ ሻንሲው፣ ሁሉን የሚሸከመው የሥር ብረት፣ ከዚህ ይወፍራል። ይኼ የቀላሉ ሻንሲ ነው። ሞተሩም ትንሹ ነው። ግንባሩንና ፓራውልቱን ከሌላ አምጥተው ለጥፈውበታል።»

«ሞተር ይቀየራል።»

«ሞተር ይቀየራል። ሻንሲ ከተቀየረ ግን ሌላ መኪና ነው።»

ኢዩኤል ስልኩን አወጣ፣ አየው፣ መልሶ ኪሱ ከተተው። «አባባ፣ ሰውዬው ቅዳሜ ይመጣል። አባቱ እንግሊዝ አገር ኬኤም ይነዳ ነበር። እሱ ራሱ ሰማንያ ሊሞላው ነው። ደስ ብሎት ይዞት ይሄዳል። ማን ይጎዳል?»

«አባቱ የነዳው ይህን አይደለም።»

«ቸርች ፊት መስክሬያለሁ እኮ።»

«እኔ ነኝ እንዴ መስክር ያልኩህ?»

«ሊስን፣ አንተ ብቻ ሳይን አድርግ።»

አንተ መባሉን ጋሽ ነጋ ከለመዱት ቆይተዋል፤ እዚህ ያደገ ልጅ ነው ብለው ትተውታል። የዚያን ቀን ግን ቆረቆራቸው።

በማግስቱ ርብቃ ከሆስፒታል ተመልሳ የሥራ ልብሷን ሳትቀይር ወደ ቤዝመንት ወረደች።

«አባዬ፣ አንድ ፊርማ እኮ ነው።»

«ታዲያ የእኔ ነው።»

«ሰው ሁሉ ሰምቷል። ወንድም ሀብቶም በተገናኘን ቁጥር ስለ መኪናው ይጠይቀኛል። ባሌ ውሸታም ይባል?»

«ቸኮለ ይባላል።»

«ቸኮለ የሚባል ነገር የለም እኛ ጋ። አንተም ታውቃለህ።» አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠች። «የምትኖረው እኮ በእሱ ቤት ነው።»

ይህን ብላ አፏን በእጇ ያዘች። ቃሏን ግን አልመለሰችውም።

ቅዳሜ የሮዝዌሉ ሰውዬ መጣ፤ ረጅም፣ ጎበጥ ያለ ነጭ ሽማግሌ። መኪናውን ሲያይ ኮፍያውን አወለቀ፤ የሾፌሩን በር በመዳፉ ዳሰሰው። ኢዩኤል ወረቀቱን ዘረጋለት። የጋሽ ነጋ ስም ታትሟል፣ የፊርማው ቦታ ባዶ ነው። ሽማግሌው ወደ ጋሽ ነጋ ዞሮ አንድ ነገር ጠየቀ። የጋሽ ነጋ እንግሊዝኛ ከመኪና ዕቃ ስም አያልፍም፤ ምንጊዜም የሚያስተረጉሙት በኢዩኤል ነው።

«ምን አለ?»

«እውነተኛ ኬኤም ነው ወይ ነው የሚለው።»

«የለጠፉበት ነው በለው። ሻንሲው የቲኬ ነው በለው።»

ኢዩኤል ዓይኑን በጨው ታጥቦ ወደ ሽማግሌው ዞረና ተረጎመ። ሁለት ዓረፍተ ነገር የነበረው በአፉ ረዘመ። ሽማግሌው ፈገግ አለ፤ ዓይኑ እንባ አቀረረ። ጋሽ ነጋ ቋንቋውን ባይሰሙም ሰው በምን እንደሚፈግግ ያውቃሉ። ኢዩኤል እስክሪብቶ አቀበላቸው።

አልተቀበሉትም። ሽማግሌውን ክንዱን ይዘው ከመኪናው ጎን አስጎነበሱትና ሻንሲውን በመዳፋቸው መታ መታ አደረጉለት። «ቲኬ» አሉ። ወደ ፕሌቱ ወሰዱት፤ አዲሶቹን ሪቬቶች በጥፍራቸው አንድ በአንድ ነካኩለት። «ኬኤም፣ ኖ። ቲኬ።» ከዚያ በላይ ቃል አልነበራቸውም። ሽማግሌው ቀና ብሎ ኮፍያውን አጠለቀ። ጋሽ ነጋን ጨበጣቸው፤ ኢዩኤልን ሳይጨብጠው ወጣ።

ማክሰኞ የቤተ ክርስቲያኑ ሽማግሌዎች ዶራቪል ባለው ቢሯቸው ጋሽ ነጋን ጠሩአቸው። የተናገረው ሰብሳቢያቸው ወንድም ሀብቶም ነው።

«ጋሽ ነጋ፣ እውነት አልተናገሩም አላልንም።»

«ታዲያ ምን አላችሁ?»

«በጥበብ ቢሆን ነው ያልነው። የወንድማችን ምስክርነት ፈረሰ እኮ።»

«ድሮም ሻንሲ አልነበረው።»

አንደኛው ሽማግሌ ሊስቅ ሲል ወንድም ሀብቶም አየው፤ ሳቁን ዋጠ። ኢዩኤልን ይቅርታ ይጠይቁ ተባሉ። አልጠየቁም። «እንግዲያው ስለ እርስዎ እንጸልያለን» ተባሉ፤ ይህ «ጥፋተኛ ነዎት» ማለት እንደሆነ እኛ ዘንድ የማያውቅ የለም። እዚያ ከተሰበሰቡት የእግዚአብሔር ሰዎች አንድ እንኳ ኢዩኤልን ጠርቶ «ያን አዛውንት ልታታልል ነበር ወይ?» አላለም። ለሕንፃው ስለሚሰጠው ገንዘብ ግን ጠይቀውታል።

ወር ሳይሞላ ኢዩኤል እንደገና መድረክ ላይ ወጣ። ቤድፎርዱ ቴክሳስ ላለ ሰው ተሸጧል፣ ኬኤም ተብሎ። ሰውዬው የገዛው በፎቶ ብቻ ነው። ወረቀቱ ላይ የፈረመው ራሱ ኢዩኤል ነው። ኬኤም ከቲኬ የሚለይባቸውን ምልክቶች አንድ ገጽ ሙሉ ጽፎበታል፤ አራት ዓመት ጋሽ ነጋ በስልክ የነገሩት ነው። አንዱም ስሕተት የለበትም። መኪናው ብቻ እንደዚያ አይደለም።

«ጠላት አንድ በር ቢዘጋ ጌታ ሌላ ከፈተ» አለ ኢዩኤል። ጠላት ሲል ወደ ሦስተኛው ረድፍ አላየም። ሌላው ሰው አየለት። ርብቃ አንገቷን ደፍታ አጨበጨበች።

ጋሽ ነጋ ተነሥተው ወጡ።

ውጭ አስፋልቱ ይጋረፋል። መንጃ ፈቃዳቸውን ዓይናቸው ሲደክም መልሰዋል፤ ከዚያ ሎረንስቪል ደግሞ በእግር አይኬድም። አንድ ዛፍ ሥር ቆሙ። ጉባኤው ሲበተን ወትሮ «ጋሽ ነጋ፣ ላድርስዎ» የሚሉት ሰዎች ከሩቅ እጅ ነሥተው ወደ መኪናቸው ፈጠን ፈጠን አሉ። አንዷ ብቻ ቆም ብላ ነበር፤ ባሏ ጠራት።

የኢዩኤል መኪና አጠገባቸው መጥታ ቆመች። መስኮቱን ዝቅ አደረገ።

«አባባ፣ ግባ። ሙቀት ነው።»

ድምፁ ውስጥ ቁጣ የለም፤ ያሸነፈ ሰው ምን ያስቆጣዋል? ርብቃ ከጎኑ ተቀምጣ ወደ ፊት ታያለች። ጋሽ ነጋ አልተንቀሳቀሱም። ከኋላ ያለው መኪና ክላክስ አደረገ፤ ከእሱ ኋላ ያለውም ቀጠለ። የኋላውን በር ከፍተው፣ በሕፃን የልጅ ልጃቸው መቀመጫና በበሩ መካከል ተጣብበው ተቀመጡ።

«ቤልት እሰር» አለ ኢዩኤል በመስታወቱ እያያቸው።

አሰሩ።