መምህር ሰይፈሥላሴና የወለሉ ሕግ

ሰይፈሥላሴ የልዩ ፍላጎት መምህር የሆነው ተመኝቶ አይደለም። ዩኒቨርሲቲ ሲገባ የምርጫ ቅጹ ላይ ኢንጂነሪንግ ብሎ ሞላ፤ ውጤቱ ግን «ቀስ በል ወንድሜ» አለው። የተረፈችው ይቺ ሙያ ነበረች። «እኔም አልመረጥኳት፣ እሷም አልመረጠችኝ፤ በሽማግሌ የተጋባን ነን» ይላል፣ ቀድሞ ራሱ እየሳቀ።

ጋብቻው ሰመረ። የምልክት ቋንቋ ለመደ፤ አቃቂ ውስጥ የሚሰሙና መስማት የተሳናቸው ልጆች አብረው በሚማሩበት ትምህርት ቤት ሒሳብ ያስተምራል፣ ሌሎች መምህራንንም ያሠለጥናል። የሥልጠናው አንደኛ ትእዛዝ «ለተማሪ ጀርባ ሰጥቶ ማውራት ክልክል ነው!» የሚል ነው።

አምና እትዬ ፀሐይቱ ለልጃቸው ለማህሌት መልቀቂያ ሊያወጡ መጡ። ማህሌት አትሰማም፤ ከቅርብ ጓደኛዋ ከቢፍቱ መለየቱን ስታስበው ዐይኗ ደፍርሷል።

«መምህር፣ ትምህርቱ ግማሽ ግማሹን ነው የሚደርሰኝ እያለች ታለቅስብኛለች። ከተማ መሃል እንደሷ ያሉ ብቻ የሚማሩበት አለ ብለውኛል።»

«ከቤታችሁ ከቱሉ ዲምቱ እዚያ ድረስ? እትዬ፣ የታክሲ ወረፋ ነው የምትማረው!» ወደ ማህሌት ዞረና በምልክት «የቱ መምህር ነው? ንገሪኝ፣ አሳየዋለሁ!» አላት።

ጣቷን ወደ እሱ ቀሰረች። ከዚያም ጀርባዋን ሰጥታ፣ አየር ላይ እየጻፈች አገጯን እንደ ወፍጮ አንቀሳቀሰች። ቁርጥ ራሱን! ለካ ጠመኔ ሲይዝ እጁ ምልክቱን ያቆማል፤ አፉን ግን ማን ያስቁመው?

«የምፈልገው ሌባ እኔው ነኝ» አለና እናትየውን እስከ ዐርብ እንዲታገሡት ለመናቸው።

ክፍሉ ሕግ አወጣ። ወለሉ ጣውላ ነው፤ መስማት የተሳናቸው ልጆች የሚጠራሩት እሱን እየረገጡ፣ ንዝረቱን በእግራቸው እየሰሙ ነው። መምህሩ ወደ ሰሌዳው ዞሮ ሲያወራ፣ የምትሰማው ቢፍቱ ወለሉን መርገጥ ትጀምራለች፣ ሁሉም ይከተላል። በመጀመሪያው ቀን ርእሰ መምህሩ የመሬት መንቀጥቀጥ መስሏቸው ሮጠው ወጡ።

ዐርብ እትዬ ፀሐይቱ በመስኮት አዩ። ሰይፈሥላሴ እንደ ሸርጣን በጎኑ እየሄደ ይጽፋል፤ ቁጥሮቹ የሰከሩ ይመስላሉ። ረስቶ ዞረና «ስለዚህ…» ሲል ወለሉ ጮኸ። ጠመኔውን ጥሎ፣ እንደ ምርኮኛ እጁን አንሥቶ ተመለሰና በምልክት ደገመው። ከሁሉ አብልጣ የረገጠችው ማህሌት ነበረች፤ ሳቋ እንባ አውጥቷል።

«መምህር፣ መልቀቂያው ይቅር» አሉ እናትየው በነጠላቸው አፋቸውን ይዘው። «ጽሑፍዎን ግን ጠንቋይም አያነበው!»

ሰይፈሥላሴን ደስታው አሰከረው። መስኮቱ ላይ ተደግፎ «እትዬ፣ መምህር ማለት እኮ ከተማሪው ፊቱን የማያዞር…» ብሎ ሳይጨርስ፣ ከኋላው ወለሉ ተንቀጠቀጠ።