የምሄድበት ሲቀነስ የተነሣሁበት

ልጆቹ አውሪልን አሉኝ። ለዕረፍት የመጡ የልጅ ልጆቼ ናቸው፤ «እማማ፣ ጠፋች ተብለሽ የተያዝሽበትን ጊዜ ንገሪን» ይላሉ፣ ይሥቃሉም። እነግራችኋለሁ። ግን ከመነሻው ይታረምልኝ፤ አልጠፋሁም።

ያኔ የምኖረው ብቸና፣ ከወንዱ ልጄ ዘንድ ነበር። እኖራለሁ ስል ልብሴ እዚያ ነበር ማለቴ ነው፤ እግሬ አንድ ቤት አይቆይም። ሰው ሲወልድ፣ ሰው ሲታመም፣ ማኅበር ሲደርስ እሄዳለሁ። ልጄ ይህን አይወድም። «በዚህ ዕድሜሽ ብቻሽን ገጠር ለገጠር ምን ትሠሪያለሽ?» ይለኛል። «እሄዳለሁ» እለዋለሁ፤ ሌላ መልስ የለኝም።

በዚያ ሰሞን እኅቴን ልጠይቅ ወጣሁ። ቤቷ ከብቸና ወደ ምሥራቅ የአራት ሰዓት መንገድ፣ ከዚያ ወደ ሰሜን አንድ ሰዓት ነው። እዚያ ሳለሁ የክርስትና ልጄ ወለደች የሚል ወሬ መጣ። የእሷ ቤት ደግሞ ከብቸና ወደ ምሥራቅ አንድ ሰዓት፣ ወደ ሰሜን አምስት ሰዓት ነው። ሰው ሁሉ ከእኅቴ ቤት ወደዚያ ሲሄድ መጀመሪያ ብቸና ይመለሳል፤ የታወቀው መንገድ እሱ ነውና። እኔ ግን ብቸና ከተመለስሁ ልጄ ዳግም እንደማይለቀኝ አውቃለሁ። ስለዚህ ከተማዋን በስተግራ ትቼ፣ በማሳው ድንበር ድንበር ቀጥ ብዬ ተነሣሁ።

ብዙም ሳልርቅ ልጄ በሞተር ደረሰብኝ። ያየኝ ሰው ደውሎለታል።

«ወዴት ነው?»

«ወደ ክርስትና ልጄ።»

«የእሷ አገር በዚህ ነው? እናቴ፣ ጠፍተሻል እኮ።»

«የጠፋኸው አንተ ነህ፤ እኔስ እየሄድሁ ነበር።»

ከኋላው አስቀምጦ መለሰኝ። ከዚያ ሞጣ ላለችው ሴት ልጄ ደወለ። የእሷ ግቢ በግንብ የታጠረ፣ ዘበኛ የቆመበት ነው። አእምሮዋ ደክሟልና እዚያ ትቀመጥ፣ እሑድ የንስሐ አባታችን ባሉበት ይመከርበት ተባለ። ከዚያ ግቢ ከገባሁ መንገድ የሚባል ነገር ለእኔ እንዳበቃ ገባኝ።

የወንዱ ልጄ ልጅ ያኔ አሥራ አንደኛ ክፍል ነበረች። «እማማ፣ ያደረግሽው እኮ የፊዚክስ ትምህርታችን ነው፤ ቬክተር መቀነስ ይባላል» አለችኝ።

«እንግዲያ አስተምሪኝ። እሑድ ራሴ እናገራለሁ።»

በሲሚንቶው ወለል ላይ በጠመኔ መስቀለኛ መስመር ሠርታ ብቸናን መኻሉ ላይ አደረገች። «የምሥራቁን ከምሥራቁ፣ የሰሜኑን ከሰሜኑ ለየብቻ ቀንሺ፤ አትቀላቅያቸው» አለች። «የቀረሽን እያንዳንዱን በራሱ አባዢና ደምሪ፤ ከዚያ ምን በራሱ ቢባዛ ይህን ይሰጣል በይ። ርዝመቱ እሱ ነው።» ፊደል አልቆጠርሁም፤ ባቄላ ግን መቁጠር አያቅተኝም። እስከ እሑድ በባቄላ ስለማመድ ከረምሁ።

እሑድ አባ መጡ፤ የሞጣዋም መጣች። ጠመኔውን ያዝሁ።

«ከእኅቴ አራት ምሥራቅ የክርስትና ልጄ አንድ ሲነሣ ሦስት ምሥራቅ። ከእኅቴ አንድ ሰሜን የክርስትና ልጄ አምስት ሲነሣ አራት ይጎድላል፤ የጎደለው ወደ ደቡብ ነው።» ከእኅቴ ቤት ጀምሬ መስመሩን ሳብሁት። ወደ ዓባይ በረሃ ቁልቁል ወረደ።

ልጄ ሣቀ። «ያዩዋታል፣ አባ? በዚህ ብትሄድ ዓባይን ልትሻገር ነው።»

የሞጣዋ ዐይኗን በነጠላዋ ጠረገች። እኔ አላፈርሁም። «ርዝመቱስ?» ብዬ የልጅ ልጄን ጠየቅኋት።

«ርዝመቱ ልክ ነው፣ እማማ። ዘጠኝና ዐሥራ ስድስት፣ ሃያ አምስት፤ አምስት ሰዓት ነው። ፊቱ ብቻ ዞሯል።»

«እንግዲያ አዞረዋለሁ» አልሁና በእጄ አበስሁት። «ከምሄድበት ነው የተነሣሁበት የሚቀነሰው። ከአንድ ምሥራቅ አራት ሲነሣ ሦስት ይጎድላል፤ ይህ ወደ ምዕራብ ነው። ከአምስት ሰሜን አንድ ሲነሣ አራት ሰሜን።» አዲሱ መስመር ሰሜንን ይዞ ወደ ምዕራብ ጋደል አለ። ልጅቱ፣ ከሰሜን ሠላሳ ሰባት ዲግሪ ግድም ነው አለች።

«አሁን ንገረኝ» አልሁት ልጄን። «ስትይዘኝ ፊቴ ወዴት ነበር?»

ወደ መስመሩ አጎነበሰ።

«መልስላት እንጂ» አሉት አባ።

«ወደ ሰሜን። ወደ ምዕራብ ትንሽ ጋደል ብላ።»

«ገደል ቢያጋጥምሽስ?» አለች የሞጣዋ።

«እዞረዋለሁ። ያንቺ ግንብ ግን መዞሪያ የለውም።»

አባ ጺማቸውን ያዝ አድርገው ሣቁ። «እሜቴ መቼ ጠፉ? እናንተን ሸሽተው ነው» አሉ። ከዚያ ላንድ አፍታ ወደ ውጭ ወጣ ብለው ተመለሱና «በሉ ይሂዱ» አሉኝ።

ሰኞ ሄድሁ። የክርስትና ልጄን ጠየቅሁ፤ የአራስ ቤት ገንፎም በላሁ። ከዚያ ብቸና ሳልገባ በቀጥታ ወደ እኅቴ ወረድሁ፤ እሑድ የተሣቀበት መስመር ለመልሱ ሠራ። ዛሬም እሄዳለሁ፤ ማንንም አላስፈቅድም።

ከዓመታት በኋላ ሞጣ መናኸሪያ ሚኒባስ ስሳፈር ሹፌሩ ትኩር ብሎ አየኝ። «እማማ፣ አንድ እሑድ ብቸና ከቤትዎ ጀርባ ስጠብቅዎት ነበር» አለኝ። «ወደ ሞጣ እንዳመጣዎት ልጆችዎ ከጠዋት ጀምሮ ኮናትረውኝ ነበር። ልብስዎም ተጭኖ አልቆ ነበር። ኋላ ግን አባ ወጡና ልብሱን አስወርደው ባዶዬን መለሱኝ።»