ከዕርቅ በኋላ የመጣ ክስ

ልጄን ደምበጫ መንገድ ላይ አይሱዙ ገጭቶ ገደለብኝ። እናታቸውን ቀድመው ያጡ ሁለት ልጆቹ እኔው ላይ ቀሩ። የሾፌሩ ዘመዶች ቄስ ከነመስቀሉ አስቀድመው፣ ድንጋይ ተሸክመው ደጄ ላይ ሲወድቁ ምን ላድርግ ልጆቼ፣ ይቅር ብዬ ማልኩ።

ታዲያ ጎረቤቴ "እነዚህን ልጆች በምን ሊያሳድጓቸው ነው? ካሳ ይጠይቁ እንጂ" እያለች አላስቀምጥ አለችኝ። ደብረ ማርቆስ ፍርድ ቤት መሄዱንስ ሄድኩ። ግን ይቅር ያልኩትን ሰው እንዴት ልክሰስ? መሐላዬስ? ግራ ገብቶኝ በሩ ላይ ስገተር አንድ ጋቢ የለበሰ ሰውዬ ተነስቶ መቀመጫውን ለቀቀልኝ።

"እማማ፣ ምን ገጠመዎት?" ሲለኝ አንድም ሳላስቀር ዘከዘክሁለት።

"ዕርቁ ደም ያደርቃል እንጂ የልጆቹን ካሳ አያስቀርም" አለኝ። "ሾፌሩን ዐቃቤ ሕግ ይከሰዋል፤ እሱ የመንግሥት ጉዳይ ነው። እርስዎ ባለመኪናውን ይክሰሱ።"

"ኧረ በማርያም! እሱ ምን አደረገ? አልነዳ!"

"በሬዎ የሰው አዝመራ ቢበላ ማን ይጠየቃል?"

"እኔ ነኛ!"

"ታዲያስ!"

የገባኝም ያልገባኝም ተቀላቅሎብኝ ሳለ ክንዴን ደግፎ ማመልከቻ ጸሐፊው ዘንድ ወሰደኝ። ጸሐፊው ብዕሩን አንስቶ "ተከሳሹ ባለመኪና ስሙ ማን ይባላል?" አለኝ።

"እኔ ምን አውቄ ልጄ! ሰውየውን በዓይኔም አይቼው አላውቅ።"

ጋቢ የለበሰው ሰውዬ ከኪሱ መታወቂያ አውጥቶ ጠረጴዛው ላይ አኖረ።

"የኔን ስም ጻፍ" አለው፤ "መኪናው የኔ ነው።"