ቱሉ ያጠረው አፈር

ጂቱ በየካ ተራራ ሥር ስልሳ ዓመት የኖረች ባልቴት ናት፤ በዚህ ሁሉ ዘመን ለማንም መንገድ ለቅቃ አታውቅም። ሀብቷ አንዲት ላም፣ ቦቄ፣ ከጎጆዋ በላይ ደግሞ አንድ ምንጭ ነው። ፈጣሪ ሲያድል ጥሩውን ውሃ ለእርሷ ሰጠ፤ ከብት የሚልሰውን ጨዋማ አፈር፣ ቦሌውን፣ ግን ከታች በጎረቤቷ በቱሉ መሬት ላይ አኖረው። ለሌላው ጎረቤት ምንም። እንግዲህ ምን ይደረግ? የአገሩ ከብት በወር አንድ ቀን ቱሉ ዘንድ ወርዶ ይልሳል፤ ሲጠማው ጂቱ ዘንድ ወጥቶ ይጠጣል። በአያቶቻቸውም ጊዜ እንዲሁ ነበር፤ ማንም ማንንም አስፈቅዶ አያውቅም።

እንጦጦ ላይ ከተማ ሲቆረቆር ግን ሹማምንቱ ለበቅሎዎቻቸው ቦሌ መግዛት ጀመሩ። የቱሉ ዓይን በራ። ቦታውን በእሾህ አጠረና፣ "ከእንግዲህ ለሚገዛ እንጂ ለሚያስልስ የለም" አለ። ጉድ እኮ ነው!

በሁለተኛው ወር ቦቄ ጨው አጥታ አጥንት ማኘክ ጀመረች። አንድ ቀን የጂቱን ነጠላ ጫፍ በላች። ወተቷ እየነጠፈ ሄደ፤ ጂቱ ደግሞ የምትኖረው በዚያ ወተት ነው። ወርዳ አጥሩ ሥር ቆመች።

"አዴ ጂቱ፣ አይቆጡ። መሬቱ እኮ የእኔ ነው" አላት ቱሉ።

"መሬቱማ ያንተ ነው። ጨው ያደረግከው ግን አንተ ነህ?"

ይህን ብላ ተመለሰች። ልመና ሞቷ ነው።

በማግሥቱ የቱሉ ሠላሳ ከብቶች ቦሌውን ለብቻቸው እስኪጠግቡ ላሱት። ወሩ መጋቢት ነው፤ የታችኛው ወንዝ ደርቋል። ቀትር ላይ ከብቶቹ ጉሮሯቸው ነዶ፣ እምቧ እያሉ ወደ ምንጩ ወጡ። ጂቱ ዱላዋን ይዛ መንገዱ መሐል ተቀምጣለች።

ቱሉ እያለከለከ ደረሰ። "አዴ ጂቱ፣ ሊያልቁብኝ ነው።"

"እነሱማ ምን አጠፉ? ይጠጣሉ። መጀመሪያ ግን ያንን እሾህ ነቅለህ፣ በራስህ ተሸክመህ አምጣልኝ። ማገዶ አጥቻለሁ።"

"እኔ? ወንዱ? እንደ ሴት ማገዶ ልሸከም?"

"ካልፈለግህ ተወው። እኔ እንደሆነ አልቸኩልም።"

ቱሉ ከብቶቹን አየ፣ እሷን አየ፤ ወረደ። መንደሩ ሁሉ እያየው፣ አንገቱ እየተቧጨረ ሦስት ጊዜ ተመላለሰ። የመጨረሻው ሸክም ደጇ ሲወድቅ ጂቱ ከመንገዱ ተነሣች። ከብቶቹ ሲጠጡ ቆማ አላየችም፤ ቦቄን ፈትታ ቁልቁል ወደ ቦሌው ነዳቻት።

"ደግመህ ብታጥር አልጠላም" አለችው በአጠገቡ ስታልፍ። "ክረምት እየመጣ ነው፤ ማገዶ ይፈለጋል።"